ከጦሳ ሥር ያለ የአቤቱታ ጠረጴዛ፦ ጥንካሬውና ጉድለቱ

በደሴ ከተማ ከጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ዳገታማ ሰፈሮች በአንዱ፣ በቅሬ (በወሎ ዕድር የሚጠራበት ስም ነው) አዳራሽ ጥግ በተቀመጠች አንዲት ጠረጴዛ ላይ ለነዋሪዎች የማመልከቻ መጻፍና ጉዳይ የመከታተል አገልግሎት ይሰጣል። ይህን ግምገማ የጻፍሁት አገልግሎቱን ለማያውቁት ለማስተዋወቅ፣ ለሚያውቁትም ጥንካሬውንና ጉድለቱን ለይቶ ለማሳየት ነው። ታፔላ የለውም፤ ስም ያለው ድርጅትም አይደለም። የሚያስተባብሩት በሰፈሩ ለረጅም ዘመን የኖሩ አንዲት እናት ሲሆኑ፣ ስማቸው እንዲነሣ ስላልፈለጉ በዚህ ጽሑፍ «አስተባባሪዋ» እያልሁ እጠራቸዋለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ በከተማችን አቅም ላጠረው ሰው ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ለማድረስ ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ ይህ የተሻለው ነው። አስተባባሪዋ ደግና ታጋሽ መሆናቸውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይመሰክራል፤ አገልግሎቱን ከሌላው የለየው ግን የሚይዙት መዝገብ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ አገልግሎት ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የቦታውን አቀማመጥ ማወቅ ይጠቅማል። ደሴ በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ባጠሩት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በኋላ ንጉሥ የተባሉት ራስ ሚካኤል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ መቀመጫቸው ካደረጓት ጀምሮ፣ ሜዳ የሆነው ጥቂቱ መሬት በግቢ፣ በገበያና በመሥሪያ ቤት እየተያዘ ስላለቀ፣ ዘግይቶ የመጣውና ገንዘብ ያነሰው ሰው ቤቱን የቀለሰው ወደ ዳገቱ እየወጣ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ቦርከና ለመድረስ በእነዚህ ሰፈሮች መካከል ማለፍ አለበት። አፈሩ ውሃ ሲጠግብ የሚንሸራተት ስለሆነ፣ በደሴ የመሬት መንሸራተት ለማንም አዲስ ወሬ አይደለም። በሜዳው ሰፈር የተደፈነ ቦይ ጫማ ያበላሽ ይሆናል፤ በዳገቱ ሰፈር የተደፈነ ቦይ ግን የጭቃ ግድግዳ ይንዳል።

ከጎርፉ ሌላ የቤቱ ጣጣ አለ። ከነዋሪው ብዙው የሚኖረው በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከተደረገ ወዲህ በቀበሌ እጅ በገቡት ቤቶች ነው። ኪራያቸው ከገበያው ዋጋ ጋር የማይወዳደር ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን ጣሪያ ለመቀየርም ሆነ የዘመመ ግድግዳ ለማቃናት የጥገና ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃዱም የሚገኘው ከቢሮ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ከተማዋ በጦርነቱ ተይዛ በቆየችበት ጊዜ ደግሞ በርካታ ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ያን ጊዜ ቤቱን ጥሎ ሸሽቶ ሲመለስ ወረቀቱን ያጣ ሰው ጥቂት አልነበረም። እንግዲህ የዚህ ሰፈር ሰው ከሌላው የበለጠ ቢሮ ይመላለሳል፤ ለመመላለስ የሚበቃ ትርፍ ጊዜ ያለው ግን ከሁሉም ያነሰ ነው። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው አንድ ቀን ቢሮ ዋለ ማለት የዚያን ቀን እንጀራ አጣ ማለት ነውና።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ባለጉዳዩ ወረፋውን ጠብቆ ሲቀርብ አስተባባሪዋ ገና ምንም ሳይጽፉ ይጠይቃሉ፦ በእጅህ ያለው ወረቀት ምንድን ነው? እስከ ዛሬ ማንን ጠየቅህ? ምን ተባልህ፣ የተባልኸውስ በቃል ነው በጽሑፍ? ብዙው ሰው በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይቆማል፤ ለወራት የሰማው ሁሉ «ነገ ተመለስ»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ባለሙያው ፊልድ ወጥቷል» የሚል የቃል መልስ ብቻ ነውና። ከዚያ በኋላ ማመልከቻው ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ በሁለት ቅጂ ይጻፋል። ባለጉዳዩ ራሱ ይዞት ይሄዳል፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት ያስረክባል፣ በሁለተኛው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጎ ይመለሳል። ቁጥሩና ቀኑ በትልቁ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውና ማንም የማያነበው የዜጎች ቻርተር ለእያንዳንዱ አገልግሎት የተወሰነ ጊዜ ስለሚያስቀምጥ፣ ያ ጊዜ ከጉዳዩ ጎን ይጻፋል። ጊዜው ሲያልፍ የመጀመሪያውን ቁጥር ጠቅሶ ሁለተኛ ደብዳቤ ይሄዳል። እሱም ካልተመለሰ ጉዳዩ ወደ ቅሬታ ሰሚው፣ ከዚያም ለበላይ ኃላፊ ከግልባጭ ጋር ይቀርባል።

ይህ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለማንኛውም ጸሐፊ የሚታወቅ የቢሮ ሥርዓት ነውና። ልዩነቱ የሚታየው ደብዳቤው «ተመርቷል» ከተባለ በኋላ ነው። ቢሮ የተመላለሰ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ኃላፊው በደብዳቤው ጥግ ላይ ለአንዱ ሠራተኛ መርቶ ከፈረመ በኋላ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞርና አንዱ መሳቢያ ውስጥ ያርፋል። ባለጉዳዩ ማን ጋር እንደተመራ ካላወቀ ፍለጋውን ከዜሮ ይጀምራል። በዚህ መዝገብ ውስጥ ግን የመጨረሻው ዓምድ የተመራለት ሰው የሥራ ድርሻ የሚጻፍበት ነው። በዚህ ምክንያት ባለጉዳዩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሄድ «ጉዳዬ የት ደረሰ?» ብሎ በር ላይ አይለምንም፤ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ክፍሉን ጠቅሶ ይጠይቃል። ሠራተኞቹም ቢሆኑ ይህን የሚጠሉት አይመስለኝም፤ የጠፋ ፋይል ፈልጎ ከመዋል በቁጥር የተጠየቀውን ማውጣት ለእነሱም ይቀልላቸዋል።

አስተባባሪዋ በባለጉዳዩ ፈንታ ቢሮ አይሄዱም። በዚህ የተነሣ የሚያማርሩ ነዋሪዎች አሉ፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ጥሩ አልመሰለኝም ነበር። ሆኖም ይህን ሥርዓት አንድ ጊዜ ያለፈበት ሰው ሁለተኛውን ጉዳዩን ያለ ረዳት ሲይዝ ማየት የተለመደ ነው። ከዚያም አልፎ ለጎረቤቱ የሚያሳይ አለ። መንቀሳቀስ ለማይችሉ አረጋውያንና ለአራስ እናቶች ብቻ ሥርዓቱ ይላላል፤ ለእነሱ ከሰፈሩ ወጣቶች አንዱ ውክልና ሳያስፈልገው ማመልከቻውን አድርሶ የገቢ ቁጥሩን ያመጣል።

የእኔ ቤት ከዚያ ሰፈር ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ አገልግሎቱን የተጠቀምሁበት በቦይ ጉዳይ ነው። ከላይ በሚካሄድ ግንባታ የተቆፈረው አፈር የጎርፍ መውረጃውን ስለደፈነው ውሃው መንገዱን ትቶ በየግቢው ይገባ ጀመር። ጉዳዩ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በቃል ደጋግመን ብናመለክትም የረባ መልስ አላገኘንም። በጠረጴዛዋ ላይ የተጻፈው ማመልከቻ አጭር ነበር፤ ቦዩ ከየት እስከ የት እንደተደፈነ፣ ስንት አባወራ እንደሚያሰጋ፣ የየቤቱ ፊርማና በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ፣ በቃ። በፈቃደኝነት የሚያግዝ አንድ የሕግ ተማሪ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 44 ጠቅሶ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው አስገብቶ ነበር፤ አስተባባሪዋ ግን ሰረዙት። ምክንያታቸው አንቀጽ የተጠቀሰበት ደብዳቤ ወዲያው ወደ ሕግ ክፍል እንደሚመራና እዚያም እንደሚተኛ በልምድ ማወቃቸው ነው። ቦይ የሚያስጠርገው መሐንዲሱ እንጂ የሕግ ባለሙያው አይደለም ይላሉ። ተማሪው ቅር ቢለውም፣ ለሁለተኛው ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ በእርሳስ ከጎኑ ማስታወሻ ጽፈውለታል።

መልሱ በጽሑፍ መጣ፤ ለበጀት ዓመቱ ለዚያ ቦይ የተያዘ ገንዘብ የለም የሚል ነበር። አብዛኞቻችን ተስፋ ቆረጥን። አስተባባሪዋ ግን በዚህ ደብዳቤ ከሁላችንም ይልቅ ደስ ያላቸው ይመስል ነበር፤ እኔም ስለ አገልግሎቱ ያለኝ አመለካከት የተለወጠው በዚያን ጊዜ ነው። የቃል ተስፋ ለማንም አይታይም፤ በማኅተም የተደገፈ እምቢታ ግን ወደ ሌላ በር የሚያስገባ ሰነድ ነው። ደሴ፣ ለድሃ ቤተሰቦች ሥራና ድጋፍ የሚሰጠው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ከታቀፉት 11 ከተሞች አንዷ ናት፤ ተጠቃሚዎቹም በየአካባቢያቸው በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በቦይ ሥራ ይሰማራሉ። «በጀት የለም» የሚለው ደብዳቤ ተያይዞ የሴፍቲኔቱ ጉልበት በዚያ ቦይ ላይ እንዲውል ተጠየቀ፤ ቅሬውም ከአባላቱ መዋጮ ሰብስቦ ለድንጋይና ድንጋዩን አቅፎ ለሚይዘው የጋቢዮን ሽቦ አዋጣ፤ ወጣቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋይ አመላለሱ። የላይኛው ክፍል ክረምቱ ሳይበረታ ተጠርጎ ተደገፈ። የታችኛው ክፍል ግን አሁንም እንደተደፈነ ነው፤ እዚያ ላይ ያለው አፈር የማን እንደሆነ ገና አልተለየምና። ስለዚህ ውጤቱን ሙሉ ነው ብዬ ለማንም አልናገርም።

አገልግሎቱ ከሁሉ በላይ የሚያምርበት ግን እንዲህ ባለው ትልቅ ጉዳይ ሳይሆን በትናንሾቹ ወረቀቶች ነው ብዬ አምናለሁ። ለምሳሌ የልደት ምዝገባን እንውሰድ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባውም በአገር አቀፍ ደረጃ ከነሐሴ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በቀበሌ ይካሄዳል። ብዙ ወላጅ ይህን የሚሰማው ልጁን ትምህርት ቤት ሊያስገባ ሲሄድ ነው። በቅሬው አዳራሽ ግን አራስ የተጠየቀችበት ቤት ሁሉ በመዝገቡ ስለሚሰፍር፣ ጊዜው ሳያልፍ ለወላጆቹ ይነገራቸዋል። ለቅሶም ላይ እንዲሁ፤ ቅሬው ቀብር ካስፈጸመ በኋላ የሞት ምዝገባውን ለቤተሰቡ የሚያስታውስ ሰው ይመድባል። ኋላ በውርስ ጊዜ የሚመጣውን ራስ ምታት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ይረዳል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የእድሳት ወቅት ሲደርስም፣ መዋጮውን መክፈል የማይችሉት አባወራዎች መንግሥት ከሚከፍልላቸው ዝርዝር ውስጥ እንዲገቡ ስማቸው ቀድሞ ይለያል። ይህን መንግሥትም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ በኩል ያደርገዋል፤ ሆኖም የየቤቱን ጓዳ እንደ ቅሬ የሚያውቅ የለም። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ በሚቀባበርበት በወሎ፣ ዝርዝሩ አድሎ አለበት ብሎ የሚከስስ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ስለ ዋጋው ብዙ የሚባል የለም። አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ ለወረቀትና ለፎቶ ኮፒ የሚከፈለው ከአንድ ስኒ የጀበና ቡና ዋጋ አይበልጥም፤ የሌለው አይጠየቅም። ለማነጻጸር ያህል፣ በየፍርድ ቤቱ አቅራቢያ የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች በገጽ ያስከፍላሉ፤ አማርኛቸውም ከዚህኛው ያማረ ነው፣ ነገር ግን ሥራቸው ወረቀቱን በማስረከብ ያበቃል። ጉዳይ ገዳይ የሚባሉት ደግሞ ፈጣኖች ናቸው፤ የሚጠይቁት ገንዘብ ግን የድሃ አቅም አይደለም፣ በእነሱ በኩል ያለቀ ጉዳይም ምንም ሰነድ ስለማይተው የሚቀጥለው ጎረቤት ለዚያው ነገር እንደገና ይከፍላል። አስቸኳይ ነው ብሎ ወደ እነሱ የሄደን ሰው አልወቅስም፤ አያዛልቅም ግን።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ። የመጀመሪያውና ትልቁ ጉድለት አገልግሎቱ በሙሉ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ መውደቁ ነው። አስተባባሪዋ ሲታመሙ ወይም ለለቅሶ ገጠር ሲወርዱ ጠረጴዛዋ ትዘጋለች፤ ቀጠሮ የነበረው ሰውም ዳገቱን ወጥቶ ይመለሳል። የሚያግዙ ወጣቶች ቢኖሩም የመዝገቡን አያያዝ በውል የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው የለም። መዝገቡ ራሱ አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ጣሪያው በሚያፈስ አዳራሽ፣ የስንት ቤተሰብ ጉዳይ የያዘ አንድ ደብተር በቁምሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ለእኔ ከባድ ግድየለሽነት ነው፤ ገጾቹን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ እንኳ ምንም ወጪ የሌለው መፍትሔ ሆኖ ሳለ እስካሁን አልተደረገም።

ሁለተኛው ምስጢር ነው። አዳራሹ ክፍት ስለሆነ አንዱ የሚናገረውን ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ይሰማል። ስለ ቦይና ስለ ቦኖ ሲሆን ይህ አይከፋም፤ እንዲያውም አንዱ ከሌላው ይማርበታል። ከባሏ ጋር የተጣላች፣ በውርስ ከወንድሟ ጋር የተካሰሰች ሴት ግን በዚያ ሁሉ ጆሮ ፊት አፏን አትከፍትም። መጋረጃ እንዲሰቀል ተጠይቆ ነበር፤ አልተሰቀለም። አስተባባሪዋ እንዲህ ያሉትን ሴቶች ማታ ቤታቸው ጠርተው በቡና ላይ እንደሚያነጋግሩ ይነገራል፤ ይህ ግን ለሚያውቋቸው እንጂ ለአዲስ መጪ የተዘረጋ መንገድ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው። አስተባባሪዋ «ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው» ማለት ይከብዳቸዋል። የቢሮ ጉዳይ ሲዘገይ ቢበዛ ሰው ይጉላላል፤ የፍርድ ቤት ጉዳይ ሲዘገይ ግን መብት ይጠፋል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት የይግባኝ ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ውሳኔ ተሰጥቶበት የመጣን የይዞታ ክርክር በማመልከቻ እየተጻጻፉ ያን ጊዜ ማሳለፍ ለባለጉዳዩ የማይጠገን ጉዳት ነው። እንዲህ ያለው ጉዳይ ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ተለይቶ ነፃ የሕግ ድጋፍ ወደሚሰጡ ባለሙያዎች ሊላክ ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልገው በግድግዳው ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ነው፤ የምንቀበለው ይህ ነው፣ የማንቀበለው ይህ ነው የሚል።

አገልግሎቱ ወደ ሕጋዊ ድርጅትነት እንዲያድግ የሚመክሩ አሉ። እንደ ቅሬ ያለ ባህላዊ ማኅበር በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እንዲመዘገብ አይገደድም፤ ሆኖም ያ አዋጅ ከውጭ ምንጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ ያላቸውን ማኅበራት ከመብት ሥራ ያግድ የነበረውን የ2001ን ሕግ ስለሻረ፣ መመዝገብ ዛሬ እንደ ቀድሞው እጅ የሚያስር አይደለም። ቢመዘገብ ለአንድ ሠራተኛ ደመወዝ የሚሆን ድጋፍ ማግኘት ይቻል ይሆናል። አስተባባሪዋ ግን ሪፖርትና ፕሮፖዛል መጻፍ የማመልከቻውን ጊዜ ይበላል ብለው ይሰጋሉ፤ ስጋታቸው ከንቱ አይመስለኝም። በእኔ አስተያየት ሁለተኛ ሰው ሳይሠለጥን ወደ ምዝገባ መግባት ጋሪውን ከፈረሱ ማስቀደም ነው።

ከኮምቦልቻ የመጡ አንድ ወዳጄ አገልግሎቱን አይተው እዚያም ለመጀመር አስበዋል። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል የምትገኝ ቢሆንም ችግሯ የተለየ ነው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ለሥራ የመጣውና በኪራይ ቤት ተደራርቦ የሚኖረው ወጣት የአካባቢው መታወቂያ የለውም፣ ቅሬም የለውም። ቅሬ በሌለበት ይህ አሠራር በምን ላይ ይቆማል? መዝገቡን እንዳለ መቅዳት ይቻላል፤ መዝገቡን የሚያምነውን ሰው ግን መቅዳት አይቻልምና መጀመሪያ በተከራዮቹ መካከል አንድ ዐይነት መረዳጃ ቢመሠረት ይሻላል ብያቸዋለሁ።

ወደ ጠረጴዛዋ መሄድ ለሚያስብ ሰው ጥቂት ምክር ልጨምር። ጠዋት መሄድ ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ለቅሬው ጉዳይ ሊፈለግ ይችላል። በክረምት ባጃጅ እስከ አዳራሹ ስለማይወጣ፣ ጉልበት የሚያስቸግረው ሰው ወጣት ቢልክ ይበጃል። የቀድሞ ማመልከቻ ካለ የተቀደደም፣ የደበዘዘም ቢሆን መያዝ ያስፈልጋል፤ በላዩ ያለው የገቢ ቁጥር ከታየ ጉዳዩ ከዚያ ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይጀመርም። የፍርድ ቤት ውሳኔ በእጁ ያለ ሰው ግን ወረፋ ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ ሕግ ባለሙያ ይሂድ።